«በጋ» ሲባል ሞያሌ ዝናብ ይጠብቃል፦ የወቅት ስሞች ከየት መጡ? ለቆላውስ ምን ይነግሩታል?

በጥቅምትና በኅዳር ሞያሌ ላይ የሚዘንበው ዝናብ አንድ ነው፤ ስሙ ግን አምስት ነው። የቦረና አርብቶ አደር «ሃጋያ» ይለዋል። የሶማሌ ጎረቤቱ «ዴር» ይለዋል። ከድንበሩ ማዶ፣ በኬንያው ሞያሌ፣ በእንግሊዝኛ የሚነገረው ትንበያ «አጭሩ ዝናብ» ሲለው በስዋሂሊ ደግሞ «ቩሊ» ይባላል። 770 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ከምትገኘው አዲስ አበባ የሚተላለፈው የአማርኛ ትንበያ ግን ያንኑ ዝናብ የሚያስቀምጠው «በጋ» በሚለው ስም ሥር ነው።

በአማርኛ «በጋ» የሚለው ቃል ሲነሣ ወደ ሰሚው አእምሮ የሚመጣው አውድማ፣ ጠራራ ፀሐይ፣ የጎደለ ወንዝና የሠርግ ወራት ነው። የጎጃም ወይም የአርሲ ገበሬ «መጪው በጋ ዝናብ ይበዛበታል» የሚል ዜና ቢሰማ በቅድሚያ የሚያስበው ስላልተወቃው እህሉ ነው፤ አጨዳውን ያፋጥናል፣ ክምሩን ይሸፍናል። ለሞያሌ፣ ለያቤሎና ለነገሌ ቦረና ሰው ግን ይኸው ዜና እፎይታ ነው፤ ኩሬው ይሞላል፣ ሣሩ ይለመልማል፣ ወደ ሩቅ ግጦሽ የሄደው ከብት ወደ ቤት ይመለሳል። በተቃራኒው «በጋው ደረቅ ይሆናል» የሚለው ዜና ደጋውን ብዙም አያስደንቅም፤ በጋ ሌላ ምን ሊሆን ኖሯል? ለቆላው ግን ይህ አባባል የዓመቱ ሁለተኛ ዝናብ ሊቀር ነው ማለት ነው።

የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የአገሪቱን ዓመት በሦስት ይከፍለዋል። ከጥቅምት እስከ ጥር በጋ፣ ከየካቲት እስከ ግንቦት በልግ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ደግሞ ክረምት ይባላል። በእነዚሁ ሦስት ወቅቶች መግቢያ ላይም የወቅት ትንበያ ይፋ ያደርጋል። ኢንስቲትዩቱ በበጋ መግለጫው ውስጥ ወቅቱ ለደቡብና ለደቡብ ምሥራቅ ቆላማ አካባቢዎች ሁለተኛው የዝናብ ጊዜ መሆኑን ለይቶ ይጠቅሳል፤ ይህን አለማለት በደል ይሆናል። ችግሩ የሚመጣው መግለጫው ሲያጥር ነው። የዜና ርዕስ የሚሸከመው ስሙን ብቻ ነው፤ ለቆላው የተባለው ዓረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ ከሥር ይቀራል።

ስሞቹ የተወለዱት ዝናብ በአብዛኛው በአንድ ረጅም ወቅት በሚወርድበት በደጋው አገር ነው። «ክረምት» የግእዝ ቃል ሲሆን የዝናብን ወቅት ብቻ ሳይሆን ዓመትንም ያመለክታል። ከዚያው ሥር የወጣው «ከረመ» የሚለው ግስ መጀመሪያ የዝናቡን ወራት አሳለፈ ማለት ነበር፤ ዛሬ ግን ረጅም ጊዜ ለቆየ ነገር ሁሉ ይነገራል። ሰው ሰውን ከወራት በኋላ ሲያገኘው «እንዴት ከረሙ?» ይለዋል፤ በጥያቄው ውስጥ ጭቃና ጎርፍ፣ የሞላ ወንዝና የራቀ ገበያ እንዳለ ግን ጠያቂውም ተጠያቂውም ልብ አይሉትም። «ከርሞ» ሲባል የሚመጣው ዓመት ነው። «ክረምት ከበጋ» ሲባል ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ማለት ነው። ሁለቱ ቃላት ዓመቱን በሙሉ ይሸፍኑታልና ለሦስተኛ ወቅት ቦታ አልተረፈም።

ዓመትን በዝናብ መቁጠር የአማርኛና የግእዝ ብቻ ልማድ አይደለም። በኦሮምኛ «ገና» የዝናብ ወቅት ስም ሲሆን ዕድሜም በእርሱ ይቆጠራል፤ ሠላሳ ገና የኖረ ሰው ሠላሳ ዓመት የኖረ ሰው ነው። (በግእዝ ፊደል ሲጻፍ ከልደት በዓሉ ስም ጋር አንድ ይሆናል፤ የልደቱ ገና ግን በቦረና ከደረቁ ወራት በአንዱ ውስጥ የሚውል በዓል ነው።) በሶማሊኛም እንዲሁ «ጉ» የሚባለው ዋናው የዝናብ ወቅት የዕድሜ መለኪያ ነው። ሰው ስንት ጉ እንደኖረ ይጠየቃል። በሞያሌ ገበያ በሦስት ቋንቋ ዕድሜ የሚጠያየቁ ሦስት ሽማግሌዎች፣ ሳያውቁት፣ ሁሉም ስለ ዝናብ እየተጠያየቁ ነው ማለት ይቻላል።

ከሁሉ የሚያስገርመው ይህ ልማድ ፈጽሞ ሌላ ሰማይ ባላቸው አገሮችም መገኘቱ ነው። «ዊንተር» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ዛሬ በረዶንና ብርድን ያሳስባል። ምንጩ ግን ከጥንት የጀርመን ቋንቋዎች ቤተሰብ ሲሆን ብዙ የቃላት ታሪክ አጥኚዎች «ውኃ» ወይም «እርጥብ» ከሚል የጥንት ሥር ጋር ያያይዙታል። በዚህ አስተያየት ከሄድን ዊንተር በትውልዱ የብርድ ሳይሆን የእርጥበት ወቅት ነበር፤ ማለትም በትርጉም ከ«ክረምት» ብዙ አይርቅም። የጥንት እንግሊዞችም ዕድሜን በዊንተር ይቆጥሩ ነበር። «ሞንሱን» የሚለውም ዓለም የለመደው የዝናብ ቃል እንግሊዝኛ ሆኖ አልተወለደም። «መውሲም» ከሚለው፣ ወቅት ማለት ከሆነው የዐረብኛ ቃል ተነሥቶ በፖርቱጋል መርከበኞች አፍ ወደ አውሮፓ የገባ ነው። የሕንድ ውቅያኖስ ነጋዴዎች ነፋሱ የሚገለበጥበትን ጊዜ ይጠብቁ ነበርና ለእነርሱ ወቅት ማለት ነፋስ ማለት ነበር።

የቃላቱ መመሳሰል ግን ተርጓሚን ያሳስታል። ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ በአውሮፓ የሙቀት ወራት ናቸው፤ በአዲስ አበባ የዝናብና የብርድ ናቸው። አውሮፓዊው «ሰመር» የሚለውን የትምህርት ዕረፍት ኢትዮጵያዊው የክረምት ዕረፍት ይለዋል፤ ሁለቱም በየአገራቸው ልክ ናቸው። በሌላ ቀን ደግሞ ያው ኢትዮጵያዊ የታኅሣሥን የአውሮፓ በረዶ ሲተረጉም «የአውሮፓ ክረምት» ይላል፤ አሁንም አልተሳሳተም። ከሚኒሶታ ስልክ የሚደውል ዘመድ «ክረምቱ ገባ» ቢል ታኅሣሥ ነው፤ የደብረ ማርቆሱ ዘመድ ያንኑ ቢል ሰኔ ነው። የሞያሌው ሰው ግን ቃሉን ለየትኛው ወር ይስጠው? ሰኔና ሐምሌ በእርሱ አገር ደመናማና ቀዝቃዛ ናቸው፤ ዝናብ ግን የላቸውም። ለእነርሱ «አዶሌሳ» የሚል ስም አላቸው።

የቦረና ዓመት አራት ክፍል አለው። ገና ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው፤ ከዓመቱ ዝናብ 60 ከመቶ ያህሉ የሚወርደው በዚህ ጊዜ ነው። ቀጥሎ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ቀዝቃዛውና ደረቁ አዶሌሳ ይመጣል። ሃጋያ ከመስከረም እስከ ኅዳር ያለው አጭር ዝናብ ነው። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው «ቦና» ደግሞ ሞቃትና ደረቅ፣ የቱላ ጥልቅ ጉድጓዶች ሌትና ቀን ውኃ የሚቀዳባቸው ጊዜ ነው። የሶማሌው አቆጣጠርም አራት ነው፦ ጉ፣ ሐጋ፣ ዴርና ጅላል። ሁለት ዝናብ፣ ሁለት ድርቀት። ከእነዚህ ጎን ሲቀመጥ የትንበያው ሦስት ክፍል በቆላው ሰው ዓይን ድንበሩ የተዛባ መሬት ይመስላል፤ ሃጋያ በመስከረም «ክረምት» ውስጥ ጀምሮ በኅዳር «በጋ» ውስጥ ያልቃል።

ለምን ሁለት ዝናብ? ሞያሌ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በሦስት ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ትገኛለች። ዋናው የዝናብ ቀበቶ ፀሐይን ተከትሎ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ይመላለሳል። በፀደይ ወራት ወደ ሰሜን ሲጓዝ በቦረና ላይ ያልፋል፤ ገና ይዘንባል። በሐምሌና በነሐሴ ቀበቶው ሰሜኑንና መካከለኛውን ደጋ ይዞ ሲቆይ በቆላው ላይ የሚነፍሰው ብርቱ የታችኛው ነፋስ እርጥበቱን ይዞት ያልፋል እንጂ አያወርደውም፤ ሰማዩ ይጨፈግጋል፣ መሬቱ ግን ደረቅ ነው። በመስከረምና በጥቅምት ቀበቶው ወደ ደቡብ ሲመለስ እንደገና በቦረና በኩል ያልፋል፤ ይህ ሃጋያ ነው። ደጋው አንድ ጊዜ ረጅም ዝናብ የሚያገኝበትን ጉዞ ቆላው መሄጃና መመለሻው ላይ ሁለት ጊዜ ይጠጣዋል።

እዚህ ላይ የአንድ ድምፅ ታሪክ ሊነገር ይገባል። በቤተ ክርስቲያን የዘመን አቆጣጠር ዓመቱ አራት ወቅት አለው። ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 መጸው፣ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25 ሐጋይ፣ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ጸደይ፣ ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ክረምት ነው። በጋ በግእዝ «ሐጋይ» ነው። ትግርኛም እስከ ዛሬ ደረቁን ወቅት «ሓጋይ» ይለዋል። በአፋር «ሐጋይ» በግንቦትና በሰኔ የሚውለው ሐሩር ነው። በሶማሊኛ «ሐጋ» ከሐምሌ እስከ መስከረም ያለው ደረቅ ወቅት ነው። ከመቀሌ እስከ ጂግጂጋ ድረስ ቃሉ ከድርቀት አይወጣም። ሞያሌ ሲደርስ ግን «ሃጋያ» ሆኖ ዝናብ ይዘንባል። ሶማሌው ሐጋ እያለ የሚያማርርበት መስከረም ሳያልቅ የቦረናው ጎረቤቱ ሃጋያን ይጠባበቃል። ሁለቱ በአንድ ገበያ የሚገናኙ፣ አንድ ኩሬ የሚጋሩ ሰዎች ናቸው። «ክረምት» ራሱም እንዲህ ያለ ዘመድ አለው፤ አፋሮች ከሐምሌ እስከ መስከረም የሚጠብቁት ዋናው ዝናብ «ካርማ» ይባላል።

የገናም ነገር ከዚህ አይሻልም። በወለጋ፣ በሸዋና በሌላውም የኦሮሚያ ደጋ «ገና» ማለት ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያለው ዝናብ ነው፤ የመጋቢት እስከ ግንቦቱ ጊዜ ስሙ «አርፋሳ»፣ ከክረምቱ ማለፍ በኋላ ያለው ደግሞ «ቢራ» ነው። ስለዚህ አንድ የኦሮምኛ ቃል በነቀምቴ ሐምሌን፣ በያቤሎ ሚያዝያን ይጠራል። «ክረምቱ ከመደበኛ በላይ ዝናብ ይኖረዋል» የሚለው የአማርኛ መግለጫ ወደ ኦሮምኛ «ገና» በሚል ቢመለስ ለደጋው አድማጭ ፍጹም ትክክል ነው። የቦረናው አድማጭ ግን የሰማው ስለ ሌላ ወቅት ነው፤ አዶሌሳ ሊገባ ሲል ስለ ገና ይነገረዋል። መዝገበ ቃላቱ አልተሳሳተም፤ ተርጓሚውም አልተሳሳተም። ያም ሆኖ መልእክቱ ተሳስቶ ደርሷል።

ከሁሉ ይልቅ ግን ጉዳት ያመጣው ቃል «በልግ» ሳይሆን አይቀርም። በሸዋና በወሎ ደጋ በልግ የዓመቱ ትንሹ ዝናብ ነው። የበልግ እርሻ ለሚያርስ ገበሬ ብርቱ ጉዳይ መሆኑ ባይካድም ከአገሪቱ የእህል ምርት የሚበዛው የሚገኘው ከመኸሩ ነው። በዚህ የተነሣ «በልጉ ደከመ» የሚለው ዜና በከተማ ጆሮ ቀለል ብሎ ይሰማል፤ ክረምቱ ገና ይመጣልና። ለቦረና ግን በልግ የተባለው ወቅት ገና ነው፤ ገና ደግሞ ዋናው ዝናብ ነው። በልጉ ደከመ ማለት በቆላው በቆሎው አልበቀለም፣ ቦሎቄው አልያዘም፣ ላሟ አልታለበችም፣ ከኋላውም ሦስት ደረቅ ወር አለ ማለት ነው። በአዲስ አበባ አፍ «ትንሹ» የተባለው ዝናብ በሞያሌ ትልቁ ነው።

በ2013 ዓ.ም. የጀመረው ድርቅ ይህን በሚያሳዝን መንገድ አሳየ። የዚያ ዓመት ሃጋያ ከሸፈ፤ ገናውም ተከተለው። የ2014 ሃጋያና ገናም እንዲሁ ሆኑ። የ2015 ሃጋያ ሲከሽፍ በተከታታይ የጠፉት ወቅቶች አምስት ደረሱ፤ በአርባ ዓመት ውስጥ ያልታየ ድርቅ መሆኑ በሰፊው ተነገረ። በኢትዮጵያ፣ በኬንያና በሶማሊያ ቆላዎች በሚሊዮን የሚቆጠር ከብት አለቀ። በቦረና መንገዶች ዳር የከብት አጽም ተረፈረፈ፤ ከብት አልባ የሆኑ ቤተሰቦች በከተሞች አቅራቢያ ሰፈሩ። በእነዚያው ዓመታት የሰሜኑና የምዕራቡ ደጋ ክረምት አልቀረም ነበር። በአማርኛው የወቅት ቋንቋ ሲነገር፣ ሦስት «በጋ» ደረቀ፣ ሁለት «በልግ» ደከመ፣ ክረምቱም ደህና ነበር። ይህን ዓረፍተ ነገር የሚሰማ የደጋ ሰው ምን አደጋ ሊያይበት ይችላል? እያንዳንዱ ቃል ተለምዷል። ከሞያሌ ሲሰማ ግን ሁለት ዓመት ተኩል ያህል ዝናብ አልነበረም ማለት ነው።

የደጋውና የቆላው ዕጣ እንዲህ መለያየቱ ድንገት አይደለም። በፓሲፊክ ውቅያኖስ ላይ የሚፈጠረው ኤልኒኖ የተባለው የባሕር መሞቅ የሰሜኑን ክረምት ሲያዳክም የደቡቡን ሃጋያ ብዙ ጊዜ ያጠናክራል። ላኒና የተባለው መቀዝቀዝ ደግሞ ተቃራኒውን ያደርጋል። በ2007 ዓ.ም. ክረምት ኤልኒኖ ሰሜኑንና ምሥራቁን ለከባድ ድርቅ ሲዳርግ፣ ከወራት በኋላ በጥቅምትና በኅዳር 2008 የደቡብ ምሥራቁ ቆላ ዝናብ በዛለት። ከ2013 እስከ 2015 ሦስት ዓመት ተከታትሎ የቆየው ላኒና ነበር፤ የቆላው መከራም ከእርሱ ጋር ቆየ። ከዚያም ነገሩ ተገለበጠ። በ2016 ጥቅምትና ኅዳር ኤልኒኖ ከሕንድ ውቅያኖስ መሞቅ ጋር ተባብሮ በሶማሌ ክልልና በደቡቡ ቆላ ከባድ ጎርፍ አስከተለ፤ ከድርቁ የተረፈ ከብት በውኃ ተወሰደ፣ ድልድይና መንገድ ተቆረጠ። ወራቱ በይፋዊው አከፋፈል በጋ ነበሩ። «የበጋ ጎርፍ» የሚለው ሐረግ ለብዙ ጆሮ እንደ ተረት ቢሰማም በዳዋና በገናሌ ወንዞች ዳር ለሚኖሩት የታወቀ ነገር ነው።

ስለዚህ የቆላው አድማጭ ትንበያን ሲሰማ ከስሙ ይልቅ ወሩን ቢጠይቅ ያተርፋል። የኢጋድ የአየር ንብረት ትንበያ ማዕከል ለምሥራቅ አፍሪካ አገሮች በጋራ የሚያወጣው መግለጫ ይህን ክርክር በቀላሉ አልፎታል፤ ወቅቶቹን በስም ሳይሆን በወር ይጠራቸዋል፦ ከማርች እስከ ሜይ፣ ከጁን እስከ ሴፕቴምበር፣ ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር። ገና የመጀመሪያው ነው፤ ሃጋያ የመጨረሻው ነው። ዘዴው ጥሩ ነው፤ ነገር ግን አንድ ትንሽ ወጥመድ አለበት። ኦክቶበር 1 ቀን ብዙውን ጊዜ መስከረም 21 ላይ ይውላል፤ ማርች 1 ደግሞ የካቲት 22 ነው። «ኦክቶበር» በልማድ «ጥቅምት» ተብሎ ሲተረጎም አሥር ቀን ይጠፋል። ለከተማ ነዋሪ አሥር ቀን ምንም አይደለም። ዘር ለያዘ ገበሬና ከብቱን ከ«ፎራ»፣ ማለትም ከሩቁ ግጦሽ፣ ለመመለስ ቀን ለሚቆጥር እረኛ ግን አሥር ቀን ብዙ ነው።

ሌላው መታየት ያለበት ቃል «መደበኛ» ነው። ትንበያው «ከመደበኛ በላይ»፣ «መደበኛ» ወይም «ከመደበኛ በታች» ሲል ከሠላሳ ዓመት መዝገብ ጋር እያነጻጸረ ነው፤ አሁን በዓለም ዙሪያ የሚሠራበት መነሻ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1991 እስከ 2020 ያለው ነው። የአንድ አካባቢ የሠላሳ ዓመት የሃጋያ ዝናብ በመጠን ቅደም ተከተል ተደርድሮ በሦስት ይከፈላል፤ ዝናብ የበዛባቸው አሥር ዓመታት በላይ፣ መካከለኞቹ አሥሩ መደበኛ፣ ዝናብ ያነሰባቸው አሥሩ በታች ይሆናሉ። ምንም ፍንጭ በሌለበት ዓመት ለሦስቱም እኩል 33 ከመቶ ዕድል ይሰጣል። ትንበያው «ከመደበኛ በታች የመሆን ዕድሉ 45 ከመቶ ነው» ካለ ሚዛኑ ወደ ድርቀት አዘንብሏል ማለት እንጂ ዝናብ ይቀራል ማለት አይደለም። እንዲህ ያለ ትንበያ በተሰጠባቸው መቶ ወቅቶች ውስጥ 55 ያህሉ ከመደበኛ በታች ሳይሆኑ ይቀራሉ። አንድ ጊዜ «በታች ይሆናል» ተብሎ ዝናቡ ቢበዛ ትንበያው ዋሸ ማለት አይቻልም፤ አርብቶ አደሩ ግን በዚያ ትንበያ ተነሥቶ ሁለት ወይፈን ሸጦ ከሆነ የሚሰማው ቁጭት እውነተኛ ነው። ይህንን ልዩነት አስቀድሞ መንገር የመግለጫው ሥራ ነው።

«መደበኛ» የሚለውም ቢሆን ሁሉን አይናገርም። የወቅቱ ጠቅላላ ዝናብ መደበኛ ሆኖ በሦስትና በአራት ቀን ተጠናቅቆ ሊወርድ ይችላል። መሬቱ ሳይጠጣው በጎርፍ ይሄዳል፤ ከዚያም አንድ ወር ደረቅ ይሆናል። በመዝገቡ ላይ ወቅቱ ጥሩ ነበር ተብሎ ይጻፋል፤ በግጦሹ ላይ ግን ሣር የለም። ለአርብቶ አደሩ የዝናቡ መግቢያ ቀን፣ በመካከል ያለው ዕረፍትና የሚያልቅበት ጊዜ ከመጠኑ እኩል ይቆጠራሉ። ከብት አርደው አንጀቱን የሚያነቡ፣ ከዋክብትንና የጨረቃን አካሄድ የሚከታተሉ የቦረና አዋቂዎችም ሲጠየቁ የሚናገሩት ስለ ሚሊ ሜትር አይደለም፤ ዝናቡ ከየት በኩል እንደሚመጣ፣ መቼ እንደሚገባና ከብት የቱ ጋ ቢሄድ እንደሚሻለው ነው። ጥያቄው አንድ ነው፤ መልሱን የሚሹባቸው መንገዶች ተለያዩ እንጂ።

የበጋው ትንበያ ይፋ የሚሆነው መስከረም ላይ ነው። በሞያሌ፣ በዲሎ ወይም በነገሌ ሬዲዮ ከፍቶ የሚሰማ ሰው «በጋ» የሚለው ቃል ላይ ቆም ሳይል «ደቡብና ደቡብ ምሥራቅ ቆላማ አካባቢዎች» እስኪባል ድረስ መጠበቅ ይኖርበታል፤ የእርሱ ሃጋያ ያለው እዚያ ነው። በጥር መጨረሻ አካባቢ የበልጉ መግለጫ ሲወጣም እንዲሁ ነው፤ በካርታው የታችኛው ጫፍ፣ ከኬንያ ድንበር በላይ ያለው ቀለም ገናን ይናገራል። በግንቦት የሚወጣው የክረምት ትንበያ ለቦረና የሚነግረው ጥቂት ነው፤ አዶሌሳ አብዛኛውን ጊዜ አይዘንብም። ከብቱን ወደ ሞያሌና ወደ ዱብሉቅ ገበያ የሚነዳ ነጋዴ ግን እርሱንም ቢሰማ አይከስርም፤ ደጋው እህል ካገኘ ቆላው በሐምሌ በቆሎ የሚሸምትበት ዋጋ ከዚያው ይጀምራል።